የጎደለችው ቁጥር

በዚያ ዓመት፣ በያሽ፣ መብራት ይሰፈር ነበር፤
እንደ ስኳር በኩፖን፣ እንደ ዘይት በጠብታ፤
ለትራሙ ለቀን፣ ለሆስፒታሉ ለማታ።
እኛ ግን፣ የኮፖው ኮረብታ ሌቦች፣
ምድር ቤት የተደበቅን፣ ካፖርት የደራረብን ሰዎች፣
ከከተማው ጉሮሮ ነጥቀን
መቶ ቮልት ለአንድ ቱቦ እናጠጣ ነበር።

ቱቦዋን የነፋት ጋቭሪል ነው፤
እሳት ፊት አርባ ዓመት ጉንጩን የወጠረ፣
ከሳንባው አንድ ክንድ በመስታወት ያስቀረ።
አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሲጋራውን እንኳ
በመዳፉ ነው የሚይዛት፣ በጣቱ አይደለም።
«ይቺ የመጨረሻዬ ናት» አለኝ፣ «ሳፍታ፣ ልጄ፣
ስትሰበር አትጥሪኝ። እንዳትሰበር ጠብቂያት።»

መጀመሪያ ማውጣት ነው፤ አየሩን ማውጣት።
ፓምፑ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያጉተመትም፣
እንደ ሸመገለ ቄስ አንድ ቃል ሳይለይ ሲደግም፣
ውስጧ የሚቀረው ከምንም ጥቂት የሚበልጥ ነው።
ከዚያ በዚያ ባዶ ላይ፣ እንደ ወጥ ጨው ቆንጥሬ፣
አርጎን እለቅባታለሁ፣ ቫልቩን ፀጉር ታህል አዙሬ።

ካቶዱ ይፍማል። ሐምራዊ ጭጋግ ይሞላል።
ቮልቱን እንደ ደረጃ አንድ አንድ እያልኩ እወጣለሁ፤
ሃምሳ። ምንም። ስልሳ። ምንም።
ስልሳ ስምንት ላይ
የቆጣሪው መርፌ በእንቅልፉ ገላበጥ ይላል፤
ሰባ ሁለት ላይ፣
እኔ ሳልነካት፣ ማንም ሳያዛት፣
አኖዱ ጫፍ ላይ ኳስ ትወለዳለች፤
የሎሚ ታህል፣
ቆዳ ያላት ብርሃን፣ ከጭጋጉ የተለየች፣
ድንበሯን ራሷ የቀየሰች።

ሰው የማያምነው ግን መውረዱን ነው።
ቮልቱን ስመልሰው ሰባ ሁለት ላይ አትጠፋም፤
ስልሳ አምስት። አለች። ስልሳ። አለች።
በመጣችበት መንገድ አትመለስም፤
ለመወለድ የጠየቀችውን ለመኖር አትጠይቅም።
ፕሮፌሰር ኦቪዲዩ ይህንን ሰሌዳ ላይ ሲስለው
የቀጠነ የአኻያ ቅጠል ይመስላል።
እናቴ ብታየው «ይህማ ትዳር ነው» ትል ነበር፤
አባቴን ሦስት ዓመት ደጅ አስጠንታው፣
ከሞተ በኋላም ሳህኑን ታቀርብለት ነበር።

እኔ የምፈልገው የመጥፊያዋን ቁጥር ነው።
መወለጃዋን አሥራ አራት ሌሊት ጽፌዋለሁ፤
መጥፊያዋ ግን ትሸሻለች፣
አንዴ ሃምሳ አንድ፣ አንዴ አርባ ዘጠኝ፣
እጄን በዘዴ ባወረድኩት መጠን
እሷም ዝቅ ብላ ትጠብቀኛለች።
ያን ሌሊት አርባ ሰባት ላይ ነበርን፣ እኔና እሷ፤
ደብዝዛ፣ ጠብባ፣ የአተር ታህል ሆና፣ ግን በነፍሷ፤
ጣቴ ቁልፉ ላይ፣ ትንፋሼ በጥርሴ መሀል፣
አርባ ስድስት ተኩል —

ከተማው ጠፋ።

ፓምፑ ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው የሚያስደነግጠው፤
ፓምፕ በድንገት ሲቆም ዘይት ያስመልሰዋል፣
ወደ ጋቭሪል ትንፋሽ፣ ወደ ንጹሕ መስታወቱ።
ሦስት እርምጃ፤ ወንበር በጉልበቴ፤ አንድ እርግማን፤
ቫልቩን በዳበሳ አገኘሁት፣
እንደ ጥፋተኛ ልጅ ጆሮ ጠመዘዝኩት።

ቱቦዋ ተረፈች።
ሻማ ለኩሼ ደብተሬን ገለጥኩ።
ኳሷ የቱ ላይ ሞተች? እዚያው ተኩሉ ላይ?
ወይስ ትኖር ነበር፣ አርባ ላይም፣ ሠላሳ ላይም፣
ከተማው ባይሞትባት?

ኦቪዲዩ ጠዋት መጥቶ «በግምት ሙዪው» አለኝ፣
«ሪፖርቱ ዓርብ ነው፤ ሚኒስቴሩ ባዶ አይወድም።»
«የኔ ሙያ ባዶ ማዘጋጀት ነው» አልኩት፤
ሣጥኗን እንዳለች ተውኳት።

ከሰዓት በኋላ ጋቭሪል በረዶውን ከጫማው አራግፎ ገባ፤
ማንም ሳይነግረው ሰምቷል።
መስታወቷን በጥፍሩ ኳ አደረጋት፣
ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ፤
«አለች» አለ።
የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።